በዐይኑ ዐ ይጻፍልኝ

ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተከበሩ አቶ ምስጋናው
የቤት ውስጥ ኔትወርክ ዝርጋታና ጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ስልክ አንሥተው "ትንሽ ይጠብቁን" ለሚሉት ሠራተኞችዎ ሁሉ ጤና እመኛለሁ። እንዴት ከርመዋል? በዓሉስ በሰላም አለፈልዎ? የጾሙን እኩሌታ የእርስዎን ሰዎች ስጠብቅ ስለ ከረምሁ ሰላምታዬ ከፋሲካ በኋላ በመድረሱ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ስምዎ ምስጋናው መሆኑን ከደብዳቤዎ ግርጌ ባየሁ ጊዜ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ለማመስገን ለተነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ አድራሻ አይገኝምና። የድርጅትዎን ስም ከአናት ላይ ያልጻፍሁት ንቄ አይደለም፤ በፊደል ተሳስቼ የሌላ ሰው ድርጅት እንዳላደርገው ፈርቼ ነው። ፍርሃቴ ከምን እንደ መጣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ካነበቡልኝ ይረዱታል።

ማን እንደ ሆንሁ ላስታውስዎ። በመዝገብዎ ውስጥ የምገኘው በሌላ ስም ነው፤ እርሱን በኋላ እመጣበታለሁ። እዚሁ ማርቆስ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። በግቢዬ ውስጥ ሁለት ኮምፒዩተሮች አሉ፤ አሮጌው ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት በአባቴ ክፍል፣ አዲሱ በእኔ ሳሎን። በጥቅምት ወር ያቀረብሁልዎት ጥያቄ ሁለት መስመር የማይሞላ ነበር፤ በአሮጌው ኮምፒዩተር ያለ አንድ ጽሑፍ በሳሎኑ ኮምፒዩተር ይከፈትልኝ። እናንተ ፋይል ማጋራት ትሉታላችሁ። ከአባቴ ክፍል እስከ ሳሎኔ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፤ ከእናንተ ጋር ከተዋወቅሁ ወዲህ ቆጥሬዋለሁ። ጽሑፉ ይህችን ሃያ ሁለት እርምጃ ለመራመድ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀበት። በእግሩ ዲማ ገዳም ደርሶ ቢመለስ እንኳ፣ ያውም በየመንገዱ ዘመድ እየጠየቀ፣ ይህን ያህል አይቆይም ነበር።

ስለ ምን እንዲህ ትንጨረጨራለች እንዳይሉኝ የአባቴን ነገር ላስረዳዎት። አባቴ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ዕድሜያቸውን የፈጁት ዲማ ሲያስተምሩ ነው። ግራ ዐይናቸው ሲጠፋ ወደ እኔ መጡ። የመጡትም በአንድ ሻንጣ ልብስና በሁለት ኬሻ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በድምፅ አንድ የሚመስሉን ፊደሎች፣ ሃሌታው ሀና ሐመሩ ሐ፣ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፣ የትኛው በየትኛው ቃል እንደሚገባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የለቀሙበት መዝገብ ነው። በግእዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ እንደ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ከጻፉት ሌባ ገባ። ጆሮ ይህን አይለየውም፤ የሚለየው ዐይን ነው። ይህችን ነገር እባክዎ በልብዎ ይያዙልኝ።

ኮምፒዩተር ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። በአንድ ጣት እየለቀሙ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ጻፉ። ባለፈው መስከረም ሐኪሙ ቀኝ ዐይናቸውንም ያው ግራውን ያጠፋው ግላኮማ የሚባል የዐይን በሽታ እየዘጋው መሆኑን፣ የሄደው እንደማይመለስ፣ ፊደሉ ጡጫ የሚያህል ከሆነ ግን ለጥቂት ወራት ሊያነቡ እንደሚችሉ ነገረኝ። "ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ያሳዩአቸው" ነበር ያለኝ። አባቴን ምን ማየት እንደሚሹ ስጠይቃቸው፣ መጽሐፌን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በገዛ ዐይኔ አይቼ ለማተሚያ ቤት ልስጠው አሉኝ። ሌላ ሰው ያርምልዎ ብላቸው ተቆጡ፤ "የጻፍሁት ለፊደሉ ስል ነው፤ ፊደሉን ሳላየው ከቤት አይወጣም" አሉ። ስለዚህ የቁም ሳጥን መዝጊያ የሚያህል ስክሪን ገዝቼ ሳሎን ሰቀልሁ። የቀረው ጽሑፉን ከክፍላቸው ወደ ሳሎን ማምጣት ብቻ ነበር። በቃ፣ ጉዳዩ ይኸው ነው። ከእርስዎ የለመንሁት የአባቴን ዐይን እንዲያድኑልኝ አልነበረም፤ ሳይዘጋ እንዲደርሱልኝ ነበር።

ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የዘረዘርኋቸውን ቅሬታ ማለት ከስምዎ ጋር ስለማይስማማ ምስጋና ብያቸዋለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ቫይረስ ጥበቃችሁ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ አቶ እንዳላማው በጥቅምት አጋማሽ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው የገቡ፣ አባቴን ጉልበት ስመው ሰላም ያሉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ስለ ጨዋነታቸው አንድም ነገር የለኝም። ገና ከመቀመጣቸው ግን የአሮጌውን ኮምፒዩተር የፍላሽ ቀዳዳዎች ቫይረስ እንዳይገባ ብለው የይለፍ ቃሉ ቢሮ በተቀመጠ ፕሮግራም ዘጉልን። ከሳምንት በኋላ እንዲያው ጽሑፉን በፍላሽ ገልብጬ ልገላገል ብዬ ይከፈትልኝ ስል፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት አንድ የቢሮ ባልደረባ ሥራ ለቀው መሄዳቸውን፣ ስልካቸውም እንደማይነሣ ተነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ቫይረስ አልገባም። ምንም አልገባም። የወጣም የለም። ፕሪንተሩም የሚሠራው በዚያው ቀዳዳ ስለ ነበር ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የስልክ ዕቃ የምትሸጠው ጎረቤቴ ቢልቂስ አዝናልኝ ስክሪኑን ከአሮጌው ኮምፒዩተር ጋር በቀጥታ የሚያያይዝ ገመድ ከአዲስ አበባ አስመጣችልኝ፤ ብንሰካው ሰማያዊ ባዶ ብቻ አሳየን። በኢሜይል እንዳልልከው ኮምፒዩተሩ ከማርጀቱ የተነሣ የኢሜይሉን ገጽ አልከፍትም ይላል። እንግዲህ ከእናንተ መንገድ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረንም፤ ያንንም በሚገባ ያረጋገጣችሁልን እናንተ ናችሁ።

፪ኛ፦ ስለ ስልክ ድጋፋችሁ አመሰግናለሁ። በደወልሁ ቁጥር የተሰጠኝ መድኃኒት አንድ ነው፤ አጥፍተው ያብሩት። ኮምፒዩተሮቹን የሚያገናኘውን ራውተር አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሁለቱን ኮምፒዩተሮች አጠፋሁ፣ አበራሁ። አንድ ቀን ከመሰላቸቴ የተነሣ ምንም የማያገባውን ፍሪጅ ሳይቀር አጥፍቼ አብርቻለሁ። ሠላሳ ላይ ስደርስ መቁጠሩን ተውሁት፤ የሒሳብ መምህርት መቁጠር ከተወች ነገሩ ምን እንደ ደረሰ እርስዎ ይገምቱት። በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ለስልክ ሠራተኛዎ፣ እባክሽ የኔ እናት፣ ቀን እየሄደብኝ ነው፣ የአባቴ ዐይን እንደ ራውተር ጠፍቶ የሚበራ አይደለም ብዬ ነገርኋት። "እሺ፣ ይገባኛል" አለችኝ፣ "ለማንኛውም ራውተሩን አንድ ጊዜ ይሞክሩት።"

፫ኛ፦ ኮምፒዩተሮቹ እንዲተያዩ ስላደረጋችሁ አመሰግናለሁ። አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን በኔትወርክ ላይ ሲያገኘው ይተያያሉ፣ ሳያገኘው ሲቀር አይተያዩም ትላላችሁ አይደል? አቶ እንዳላማው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሳሎን ጓሮ፣ ከጓሮ ሳሎን እየተመላለሱ "አይተያዩም፣ አሁንም አይተያዩም" ሲሉ አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ በጣም አዝነው፣ ከእኔ ተጋብቶባቸው ይሆን እንዴ ብለው ጠየቁኝ። በኅዳር መጨረሻ ተሳካና የአሮጌው ኮምፒዩተር ስም በሳሎኑ ስክሪን ላይ ወጣ። እልል አልሁ፤ አልዋሽዎትም፣ የሠርግ እልልታ ነው ያቀለጥሁት። አባቴም ከክፍላቸው "እሰይ፣ እነርሱስ ተያዩ!" አሉ።

ስሙን ጠቅ ስናደርገው ግን ማን እንደ ሆንን ጠየቀን። ነገርነው። "የተጠቃሚ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ የሆነው ሁሉ በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር የተነሣ የሆነ ነው። አቶ እንዳላማው የይለፍ ቃሉን ለወጡት። እንደገና ለወጡት። ቁጥር ጨመሩበት፣ ቁጥሩን አወጡለት፣ አጠሩት፣ አስረዘሙት፤ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ተለወጠ። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ "ወይም" የምትል ቃል ነበረች። ማናችንም ልብ አላልናትም። "ወይም" ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለልጆች በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስተምረው እኔም ጭምር።

፬ኛ፦ ይህ ተራ ቁጥር ለማክሰኞ ታኅሣሥ 22 ተቀጥሮ ነበር፤ አልመጣም፣ አልደወለምም።

፭ኛ፦ በጥር ወር ስላመጣችሁልን የመፍትሔ ሐሳብ አመሰግናለሁ። አቶ እንዳላማው ከቢሮ ጋር ተመካክረው መጡና አሮጌው ኮምፒዩተር ፎርማት ቢደረግ ንጹሕ ሆኖ እንደ አዲስ ይነሣል አሉኝ። ፎርማት ምን እንደ ሆነ አባቴ ጠየቁ፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል ማለት ነው ብዬ መለስሁላቸው። አቶ እንዳላማው ከሄዱ በኋላ ወንበራቸውን ከኮምፒዩተሩ ፊት አስጠግተው፣ መቋሚያቸውን በሩ ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ምሳ ይብሉ ብል አይሆንም፣ ወጥተው ፀሐይ ይሙቁ ብል አይሆንም። ሦስት ቀን እንዲህ ዋሉ። አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ከድርጅትዎ ንጽሕና ጽሑፋቸውን ሲጠብቁ ማየት፣ ኧረ በሕግ አምላክ፣ ይህን እንኳ እንዴት ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

፮ኛ፦ በየካቲት 8 ስለ ጻፉልኝ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ችግሩ የመነጨው ከኮምፒዩተሩ እርጅና መሆኑንና ድርጅትዎ የአመታዊ አገልግሎት ግዴታውን መወጣቱን ገልጸውልኛል። የደንበኛን ስም ከአናት ላይ ጎላ አድርጎ የመጻፍ መልካም ልማድ ስላላችሁ አባቴ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ያን ጊዜ ገና ያዩ ነበር። ወረቀቱን ዐይናቸው ላይ ለጥፈው፣ በፀሐዩ በኩል እያዘነበሉ፣ ብዙ ከቆዩ በኋላ "ይህቺ አልፋዋ አይናዲስ ደግሞ ማን ናት?" አሉ። ቢልቂስም ነበረች። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ሳስረዳት፣ ስሜ ከዐይን የመጣ ነውና በዐይኑ ዐ መጻፍ ሲገባው እናንተ በአልፋው አ እንደ ጻፋችሁት ስነግራት፣ እኔማ ስሜን ሰው ሁሉ እንደ ልቡ ነው የሚጽፈው ብላ ሳቀች። ቀጥሎም አባቴ ዝቅ ብለው "አመታዊ" የምትለዋን አገኙና፣ "በግእዝ አመት በአልፋው ገረድ ማለት ናት፤ ለመሆኑ ገረድ ልከውልሻል?" ብለው ጠየቁኝ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ በዚያ ክረምትና በጋ በቤታችን እንዲያ ተስቆ አያውቅም። ክቡር አቶ ምስጋናው፣ የሳቅንበት ያ ነገር መልሱ ነበር። በእጃችን ይዘነው፣ ያውም አባቴ በሚያዩበት ወር፣ ስቀን አስቀመጥነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር አልዘረዝረውም፤ ቁጥር አይበቃውም።

መጋቢት 19 ቀን ከምሳ በኋላ አባቴ ጠሩኝ። ከወሩ መግቢያ ጀምሮ ብዙ አይናገሩም ነበር፤ ሲራመዱም ግድግዳ ይይዙ ጀምረው ነበር፤ ስጠይቃቸው ብርዱ ነው ይሉኛል። ያ ማሽን ሲመልስሽ ምን እያለ ነው የሚመልስሽ፣ ቃሉን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አንብቢልኝ አሉኝ። ያን ያህል ወር ሙሉ አንድም ሰው ለእሳቸው አንብቦላቸው አያውቅም፤ የኮምፒዩተር ጉዳይ ነው ብለን። አነበብሁላቸው። ደግሜ እንዳነብ አዘዙኝ፤ ተማሪ ሲሳሳት እንደሚያደርጉት ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ። "ስሙ ወይም ቃሉ ነው የሚለው?" አሉ። አዎ አልሁ። "ቃሉን ሰባት ጊዜ ለወጣችሁት፤ ስሙንስ ማን ጠየቀው? በየትኛው አ ነው የጻፋችሁት?"

ነገሩን ላስረዳዎት። አሮጌው ኮምፒዩተር የሚያውቀው አንድ የተጠቃሚ ስም ብቻ ነው፤ እርሱም የእኔ ነው። አባቴ መጀመሪያ ሲከፍቱት በራስዎ ስም ያድርጉት ብላቸው፣ ከእንግዲህ ዐይኔ አንቺ ነሽ ብለው በገዛ ጣታቸው የእኔን ስም ጻፉበት። ዐይኑን ዐ ለማምጣት በኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ መጨመር ያስፈልጋል፤ እሳቸው ጨመሩ። አቶ እንዳላማው ደግሞ በሳሎኑ ኮምፒዩተር ላይ ስሜን የሚጽፉት ከእጃቸው የሥራ ትእዛዝ እየገለበጡ ነው፤ በእርሱ ላይ አይናዲስ ተብያለሁ። ስሙን ጮክ ብለን ስንጠራው አንድ ነው። በስልክ ስናወራው አንድ ነው። ሰው ሁሉ አንድ ነው ይላል። ኮምፒዩተሩ ግን እንደ አባቴ ፊደል ቆጥሮ ስለሚያነብ፣ አራት ወር ያህል ይህችን አላውቃትም ሲል እውነቱን ነበር።

ሮጬ ሄድሁ፤ ሃያ ሁለቱን እርምጃ ስንት አድርጌ እንዳለፍኋት አላውቅም። አልፋውን አጥፍቼ ዐይኑን አስገባሁ። ተከፈተ። ወዲያው፣ ያለ አንድ ጥያቄ፣ አራት መቶ ዐሥራ ሁለቱም ገጽ። ፊደሉን አተለቅሁት፣ አሁንም አተለቅሁት፣ አንዲት ቃል ስክሪኑን እስክትሞላው ድረስ። አባቴን እጃቸውን ይዤ አምጥቼ ከፊቱ አስቀመጥኋቸው። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፣ አደረጉት፣ ወደ ስክሪኑ ቀና አሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ የመጀመሪያዋን ቃል ሲያነቡ ለመስማት እጠብቃለሁ።

"አልበራም እንዴ?" አሉኝ።

በርቷል አባቴ አልሁ። ወንበሩን ይበልጥ አስጠጉት፣ እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ዳሰሱት፤ ከዚያ መልሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። በየካቲት መጨረሻ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ያነቡ ነበር፤ እኔ ራሴ ሰምቻቸዋለሁ። የዘገየነው በሳምንታት ነው። "እንግዲያስ አንቺ አንብቢልኝ" አሉኝ፤ እኔን እንዳልከፋ ብለው ድምፃቸውን ቀለል አደረጉት። ያ ቀለል ያደረጉት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን በየቀኑ አነብላቸዋለሁ። ፊደልን ለመለየት የተጻፈ መጽሐፍ ግን በጆሮ አይታረምም፤ ለዚህ ነበር ከላይ በልብዎ ይያዙልኝ ያልሁዎት። እያንዳንዷን ቃል ሳነብ "በየትኛው?" ብለው ያስቆሙኛል። በንጉሡ እላለሁ። "እርግጠኛ ነሽ?" ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሰው አምነው የማያውቁበትን ነገር አሁን በእኔ አፍ ማመን ሊኖርባቸው ነው። ገጽ ስድሳ ሦስት ላይ ነን። ሲደክማቸው ጋደም ይላሉ፤ ያን ጊዜ እኔ በዚያ በትልቁ ስክሪን ፊት ተቀምጬ እናደዳለሁ፣ በእናንተም፣ በራሴም።

በራሴም ያልሁት ያለ ነገር አይደለም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስነሣ የጥቅምቱን ማመልከቻዬን ቅጂ ከስልኬ ፈልጌ አወጣሁ፤ ስሜን ማን እንዳበላሸው በማስረጃ ላሳይዎት ቋምጬ ነበር። ማመልከቻው ላይ የተጻፈው አይናዲስ ነው፤ በአልፋው አ፤ በእኔው በገዛ ጣቴ። ስልኩ ቀድሞ የሰጠኝ እርሱን ስለ ነበርና ቸኩዬ ስለ ነበር፣ ማን ያየዋል ብዬ አልፌዋለሁ። የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ልጅ! እናንተ ከእኔ ገለበጣችሁ እንጂ ከራሳችሁ አላመጣችሁም። ይህን ለአባቴ እስካሁን አልነገርኋቸውም። ለእርስዎ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርሁትም እሳቸው ከእንግዲህ ማንበብ ስለማይችሉ ነው።

ሆኖም በዚህ ተጽናንተው እንዳይቀመጡ እለምንዎታለሁ። እኔ አንድ ጊዜ ተሳሳትሁ፤ ድርጅትዎ ስሕተቴን ተቀብሎ፣ ማኅተም አድርጎበት፣ አምስት ወር ጠበቀው። ስለዚህ ሁለት ነገር እማልድዎታለሁ። አንደኛው፣ ለባለሙያዎች በምትሰጡት መመሪያ ላይ፣ አጥፍተው ያብሩት ከሚለው በላይ፣ ስሙ በየትኛው ፊደል ነው የተጻፈው የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ሁለተኛው፣ አቶ እንዳላማው በዚህ ደብዳቤ ምክንያት እንዳይነኩብኝ። ጉዳዩ ከተፈታ በኋላ መጥተው ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ሳሳያቸው መጀመሪያ ያሉት "ልዩነት አለው እንዴ?" ነበር፤ አባቴም አስቀምጠው አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሯቸው። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እኔን ለማሳረፍ እየመጡ ያነቡላቸዋል፤ "በየትኛው?" ሲባሉም ሳይሳሳቱ ይመልሳሉ። ከመላው ድርጅትዎ ዛሬ ሁለቱን አ የሚለዩት እሳቸው ብቻ ናቸውና እባክዎ ደኅና አድርገው ይያዟቸው።

ባለፈው ሳምንት የላኩልኝ የደንበኛ እርካታ መጠይቅም ደርሶኛል። ሦስተኛው ጥያቄ "ኮምፒዩተሮቹ አሁን ይተያያሉ?" ይላል። አዎ፣ ይተያያሉ፤ ቀን ከሌት ይተያያሉ። አባቴ በመካከላቸው ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

ለድርጅትዎ ዕድገትን፣ ለራውተሮቻችሁ የማይጠፋ መብራትን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ዐይን ጋር እየተመኘሁ፣ ስለ ሰባቱ የይለፍ ቃሎች፣ ስላልመጣው ማክሰኞና ስለ ትዕግሥቴ መፈተን ያለኝ ምስጋና ወሰን የሌለው መሆኑን በታላቅ ትሕትና እየገለጽሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
ዐይናዲስ ገብረ ኪዳን
(ከፊተኛው ፊደል ጋር ይተዋወቁ)

ይድረስ ከተባለ በኋላ የታሰበ፦ መጠይቁን ሳልሞላው ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልዎታለሁ፤ የተላከው ለወ/ሮ አይናዲስ ስለ ሆነና በግቢያችን እንዲህ የምትባል ሰው ስለ ሌለች ነው። ባዶውን እንዳልመልስልዎ ደግሞ አባቴ ባለፈው ቅዳሜ በቃላቸው አስጽፈው በመጽሐፋቸው ያስጨመሩትን አንድ አዲስ መስመር ገልብጬልዎታለሁ፦ "ዐይን፤ በዐይኑ ዐ። በአልፋው ከተጻፈ አያይም።"